የተማሪው ዓምድ

ጠዋት የእግዚአብሔርን ቃል ከፍታችሁ ስታነቡ አንዱ ክፍል ልባችሁን ነካ ሲያደርገው፣ ወዲያው «ይሄ እኮ ለእገሌ ነው!» ብላችሁ ታውቃላችሁ? ለወንድማችሁ፣ ለጎረቤታችሁ፣ ለዚያ ሁልጊዜ ለሚያማርር የሥራ ባልደረባችሁ? እንዲያውም ስልካችሁን አንሥታችሁ ያነበባችሁትን ልካችሁለት፣ የዕለቱን ግዴታ እንደተወጣ ሰው ቀለል ብሏችሁ ቁርስ ቀርባችሁ ታውቃላችሁ? እኔ አውቃለሁ። ሁለት ዓመት ሙሉ ሳላስታጉል እንዲህ አድርጌያለሁ። ይባስ ብሎ በደብተር ነበር የማደርገው።

ነገሩ ሁሉ የሚጀምረው ከደብተሩ ስለሆነ አስቀድሜ ስለ እሱ ላስረዳ። እኔ ቡታጅራ የሒሳብ አስተማሪ ነኝ። መምህር ያልሆነ ሰው ላያውቀው ይችላል እንጂ፣ እኛ ክፍል ከመግባታችን በፊት የዕለት ትምህርት ዕቅድ እናዘጋጃለን። ወረቀቱ በመስመር የተከፈሉ ዓምዶች አሉት፤ የመጀመሪያው የትምህርቱ ይዘት፣ ሁለተኛው «የመምህሩ ተግባር»፣ ሦስተኛው «የተማሪው ተግባር»፣ የመጨረሻው ምዘና ነው። ሰኞ ሰኞ የትምህርት ክፍሉ ተጠሪ አይቶ ይፈርምበታል። ብዙ ባልደረቦቼ ይህን ወረቀት አይወዱትም፤ የአምናውን ገልብጠው የሚያስፈርሙም አሉ። እኔ ግን ነገር በየዓምዱ ሲቀመጥ ደስ ይለኛል።

ወልቂጤ ተምሬ ጨርሼ ቡታጅራ በተመደብኩ በመጀመሪያው ሳምንት፣ «ለሒሳብ ዕቅድ ካለኝ ለነፍሴ ለምን አይኖረኝም?» አልኩ። ባለ ካሬ ደብተር ገዝቼ በቀይ እስክሪብቶ አራቱን ዓምዶች አሰመርኩበት። በየቀኑ ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ቃሉን አነብባለሁ፤ ይዘቱን እጽፋለሁ፤ ከዚያ ምን እንደሚደረግ በየዓምዱ አሰፍራለሁ፤ ማታ ደግሞ ምዘናውን እሞላለሁ። በምመራው የወጣቶች የጥናት ቡድን ውስጥ ይህን ደብተር ብዙ ጊዜ ከፍ አድርጌ አሳይቻለሁ።

ደብተሩ እንዴት ይሠራ እንደነበር ለማሳየት አንድ ምሳሌ ልስጥ። አምና እናቴ ደወለችልኝ። የምትኖረው አገና ነው፤ አባቴ ካረፈ ወዲህ ብቻዋን ናት። ጓሮዋ እንሰት ነው፤ ቆጮው የዓመት ቀለቧ ነው፤ አንዱ እግር እስኪደርስ ደግሞ ብዙ ዓመት ይጠበቃል። ያን ቀን ድምጿ ቅጥን ብሎ፣ «የመሃለኛው ቅጠል ቢጫ ሆነብኝ፤ ቆርጬ ሳየው ፈሳሽ አወጣ» አለችኝ። አጠውልግ ገብቶባት ነበር። ይህ በሽታ ፍቱን መድኃኒት የለውም። የታመመውን ነቅሎ መቅበር፣ የነካውን ቢላዋ በእሳት ማለብለብ፣ ከዚያ መጠበቅ ነው። የዚያን ዕለት ጠዋት ያነበብኩት ክፍል ደግሞ ለነገ እንዳንጨነቅ የሚናገረው ነበር። እንዴት ያለ መገጣጠም! ልክ እንደ አንድ ክፍለ ጊዜ አርባ ደቂቃ አስረዳኋት። በሦስት ነጥብ ከፍዬ፣ መጨረሻ ላይ አጠቃልዬ። እሷም «እሺ የኔ ልጅ፣ እሺ» እያለች ሰማችኝ። ስልኩን እንደዘጋሁ ምዘና በሚለው ሥር «ተከናውኗል» ብዬ ጻፍኩ።

ይህን ምሳሌ አትርሱት፤ እመለስበታለሁ።

ዘንድሮ ጥቅምት ላይ ድምፄ መሻከር ጀመረ። የማስተምርበት ክፍል መስኮቶች ወደ አስፋልቱ ናቸው፤ የጭነት መኪናው፣ የባጃጁ ጥሩምባ፣ የሰባ ተማሪ ጉርምርምታ አለ። ያን ሁሉ በጉሮሮዬ ነበር የማሸንፈው። ከሰዓት በኋላ ማጠናከሪያ አስተምራለሁ፤ አመሻሽ ላይ የጥናት ቡድኑን እመራለሁ፤ እሑድም እንዲሁ። ድምፄ ሲሻክር ዝንጅብል በማር ጠጣሁ፤ አሁንም ጮኽኩ።

የተከራየሁበት ግቢ ባለቤት በርበሬ የሚነግዱ ሙስሊም እናት ናቸው። በዚያ ሰሞን ግቢው ሁሉ ቀይ ነው፤ ከክፍሌ በር እስከ ውኃ ቧንቧው ድረስ በርበሬ በጆንያ ላይ ተሰጥቷል። አንድ ቀን እያሳልኩ ስገባ ቀና ብለው አዩኝና፣

«መምህር፣ ድምፅህ እኮ ቆርቆሮ ሆነ። ወላሂ አርፈህ ተቀመጥ!» አሉኝ።

«ይለቀኛል እማማ፤ ጉንፋን ነው። ጉንፋን ማለት እኮ…» ብዬ ስለ ጉንፋን ማስረዳት ጀመርኩ።

«ይኸው! እንደገና!» ብለው በርበሬያቸውን ወደ ማገላበጡ ተመለሱ።

ኅዳር መግቢያ ላይ፣ አንድ ማክሰኞ፣ ሰሌዳው ላይ እኩልታ እየፈታሁ ነበር። ከአንዱ ወገን የቀነስነውን ከሌላውም ወገን መቀነስ እንዳለብን አስረድቼ፣ ወደ ተማሪዎቹ ዞሬ «ስለዚህ…» አልኩ። ቃሉ አልወጣም። ደግሜ ሞከርኩ። አየር ብቻ ወጣ። ከኋላ ወንበር አንዷ ተማሪ፣ «ቲቸር፣ ኔትወርክ የለም እንዴ?» አለች፤ ክፍሉ በሳቅ ፈነዳ። እኔም ሳቅኩ። ሳቄ ድምፅ አልነበረውም። ያን ጊዜ ነው ሁሉም ቀስ በቀስ ዝም ያለው። ሁለት ዓመት ስለምነው የኖርኩትን ጸጥታ ያን ቀን አገኘሁት፤ የምለው ግን አልነበረኝም።

ሐኪሙ ጉሮሮዬን በመሣሪያ አየና የድምፅ አውታሬ ላይ እባጭ መኖሩን ነገረኝ። «ስድስት ሳምንት አንድ ቃል አትናገርም። ሹክሹክታም አይቻልም፤ እንዲያውም ሹክሹክታ ይብሳል» አለኝ።

ወረቀት ላይ «ከዚያስ?» ብዬ ጻፍኩ።

«ከዚያ እናየዋለን። ከሟሸሸ ጥሩ። ካልሆነ አዲስ አበባ ለቀዶ ሕክምና እንልክሃለን።»

«ማስተማርስ?»

እስክሪብቶውን ከደነና ትንሽ አየኝ። «ሌላ የምትችለው ሥራ አለ?» አለኝ።

የለም። ይህን በደንብ እንድትረዱልኝ እፈልጋለሁ። አጎቶቼ አዲስ አበባ ሱቅ ሊያስገቡኝ ሲጠሩኝ እምቢ ብዬ ነው መምህር የሆንኩት። ከልጅነቴ ጀምሮ ደኅና አድርጌ የማውቀው ማስረዳት ብቻ ነው። ርዕሰ መምህሩም ደግ ሰው ነው፤ ግን ሰባ ተማሪ ያለ አስተማሪ አይቀመጥም። «እስከ መንፈቅ ዓመቱ መጨረሻ እጠብቅሃለሁ» አለኝ፣ ትከሻዬን ይዞ። «እስከዚያ ካልተሻለህ መዝገብ ቤት ሰው ይፈልጋል። እዚያ መናገር አያስፈልግም።» መዝገብ ቤቱ በግቢው ጫፍ ያለ፣ የተማሪ ማኅደር እስከ ጣሪያው የተደረደረበት ጠባብ ክፍል ነው። የትምህርት ቤቱ ደወል እንኳ እዚያ ደብዝዞ ነው የሚሰማው።

በእኔ ቦታ አንዲት አዲስ መምህርት ተመደበች፤ እኔም ባላስተምርም በየቀኑ ትምህርት ቤት እሄድ ነበር። በሁለተኛው ቀን መምህራን ማረፊያ ውስጥ ወደ እኔ መጥታ፣ «ዕቅዶችህንና ማስታወሻዎችህን ብታውሰኝ፤ የት እንዳደረስካቸው ልወቅ» አለችኝ። ወረቀት ላይ «ቤት ረስቼዋለሁ» ብዬ ጻፍኩላት። በማግስቱ ጠየቀችኝ፤ ያንኑ ጻፍኩ። በሳምንቱም። ማስታወሻዎቹ ቦርሳዬ ውስጥ ነበሩ። ከዜሮ ከጀመረች ተማሪዎቹ አይለምዷትም፣ እኔን ይጠብቁኛል ብዬ ነው። ይህን ስጽፍ አሁንም ፊቴ ይግላል።

ዝም ማለት ምን እንደሚመስል ልንገራችሁ። ሚኒባስ ትሳፈራላችሁ፤ መውረጃችሁ ሲደርስ «ወራጅ አለ!» ማለት አትችሉም። ጣሪያውን ብመታም ከሙዚቃው ጋር ተደባልቆ ማንም ስላልሰማኝ፣ ወደ ቡኢ በሚወስደው መንገድ ከከተማው ወጥቼ በእግሬ ተመልሻለሁ። የሚያውቀኝ ሰው መንገድ ላይ «ደኅና ነህ?» ሲለኝ ራሴን እነቀንቃለሁ፤ «ምነው ኮራህ?» ብሎኝ ያልፋል። ስጸልይ እንኳ ከንፈሬን ለማንቀሳቀስ እፈራለሁ። ቀኑ ርዝመቱ! ከተማው ሁሉ ያወራል፤ እኔ ብቻ ከመስታወት ኋላ እንዳለሁ ነኝ።

በሦስተኛው ሳምንት እሑድ ወጣቶቹ ከበው ጸለዩልኝ። እጃቸውን ጭነው፣ እያለቀሱ። ከመሃላቸው አንድ ወንድም ዓይኔን እያየ፣ «መምህሬ፣ እምነት እኮ እርምጃ ነው! እርምጃውን ውሰድ! አሁን፣ በእምነት፣ አንድ ቃል ተናገር!» አለኝ። ትምህርቱን አወቅኩት። የራሴ ነበር። ባለፈው ክረምት በሦስት ነጥብ ከፍዬ ያስተማርኩት እኔ ነኝ። ሁሉም አፌን ያያሉ። ካልተናገርኩ የማላምንበትን አስተምሬ ነበር ማለት ነው። አፌን ከፈትኩና «ሃሌሉያ» ልል በሙሉ ኃይሌ ገፋሁት። የወጣው ዘይት የጠፋበት የበር ማጠፊያ ድምፅ ነበር፤ ከዚያም ጉሮሮዬ እንደ እሳት ነደደ። ወጣቶቹ ዓይናቸውን ወደ መሬት አደረጉ። ያ ወንድም «ጌታ ሆይ…» ብሎ ጀመረና ሳይጨርሰው ቀረ።

ሰኞ ሐኪሙ ገና መሣሪያውን ከማስገባቱ፣ «ተናግረሃል አይደል?» አለኝ። ስድስቱ ሳምንት እንደገና ከአንድ ተጀመረ። አሁን የሚያልቀው ጥር አጋማሽ ላይ ነው፤ መንፈቅ ዓመቱ የሚዘጋው ጥር ማብቂያ ላይ። አንድ ዕድል ብቻ ቀረኝ።

ከዚያ በኋላ ያሉት ቀናት ከሕይወቴ ሁሉ የከፉ ነበሩ። ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ደብተሬን እከፍታለሁ፤ አነብባለሁ፤ ይዘቱን እጽፋለሁ፤ «የመምህሩ ተግባር» ጋ ስደርስ እስክሪብቶው ይቆማል። ምን ልጻፍ? «አስረዳለሁ»? በምን አፌ? ገጹ ባዶውን ይቀራል። አንድ ጠዋት ቃሉንም ደብተሩንም ገፍቼ ግንባሬን ጠረጴዛው ላይ አድርጌ፣ በሆዴ፣ «ያንተን ሥራ እየሠራሁ እኮ ነው አፌን የዘጋኸው» አልኩት። ከውጭ የአከራዬ መጥረጊያ ድምፅ ብቻ ይሰማል። ከዚያ በኋላ ዘጠኝ ቀን ደብተሩን አልከፈትኩም። እግዚአብሔር የለም አላልኩም፤ አለ፣ ግን ፊቱን ወደ ሌላ አዙሯል ብዬ ነበር።

በእነዚያ ቀናት ውስጥ አንድ ዓርብ ከትምህርት ቤት ስመለስ ግቢው ባዶ ሆኖ አገኘሁት። በርበሬው የለም። ተሽጦ ነው ብዬ አለፍኩ። ሦስት አራት ቀን ቆይቶ ነው ሳሌ እንደቀነሰ የታወቀኝ፤ በርበሬውም ያልተሸጠ፣ ወደ እህታቸው ግቢ ጆንያ በጆንያ የተጋዘ መሆኑን የሰማሁት ከጎረቤት ነው። አከራዬ ለእኔ አንድ ቃል አልነገሩኝም። ማመስገኛ ድምፅ ስለሌለኝ እጄን ደረቴ ላይ አድርጌ ጎንበስ አልኩላቸው።

«ምን ታጎነብሳለህ? ሂድ ወተትህን ጠጣ» አሉኝ። ከዚያ ትንሽ ፈገግ ብለው፣ «ድሮ ወሬህ ሳልህን ይሸፍነው ነበር። ዝም ስትል ነው ሳልህን የሰማሁት። አላህ ያሽርህ» አሉ።

እናቴ ቅዳሜ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ትደውላለች። ማንበብ ስለማትችል መልእክት ልጽፍላት አልችልም። ስለዚህ እሷ ራሷ ዘዴ ፈጠረች፤ እሷ ትጠይቃለች፣ እኔ ስልኩን በእስክሪብቶ አንኳኳለሁ። አንድ ጊዜ ካንኳኳሁ አዎ፣ ሁለት ጊዜ ካንኳኳሁ አይደለም። ደብተሩን ባልከፈትኩበት በዘጠነኛው ቀን ደወለች።

«በላህ?»

አንድ ጊዜ አንኳኳሁ።

«ዋሸህ። ቶሎ አንኳኳህ» አለች። «ሐኪሙ ጋ ሄድክ?»

አንድ።

«ይድናል አለህ?»

ለ«አይታወቅም» የሚሆን ማንኳኳት አልነበረንም። እስክሪብቶውን ይዤ ቀረሁ። እሷም አልቸኮለችም። በስልኩ ውስጥ ከሩቅ ዶሮ ስትጮህ ይሰማኛል።

«ፈርተሃል?» አለችኝ።

በሕይወቴ እንዲህ ብሎ የጠየቀኝ ሰው አላስታውስም። አንድ ጊዜ አንኳኳሁ።

«እኔም እንሰቱ የታመመ ጊዜ ፈርቼ ነበር» አለች፣ ረጋ ብላ። «አንተ ግን ፈርተሽ ነው ወይ ብለህ አልጠየቅከኝም። አስተማርከኝ።»

ቁጣ አልነበረባትም። ቁጣ ቢኖርባት ይቀለኝ ነበር።

«ያን ቀን ስልኩን ስትዘጋው ምን እንዳደረግኩ ታውቃለህ?»

ሁለት ጊዜ አንኳኳሁ።

«ያልከኝ ሁሉ ጠፋብኝ፤ ሦስቱንም ረሳሁት። ጓሮ ወርጄ ቆምኩ። ሁሉንም ሳየው በዛብኝ። ‹ጌታዬ፣ ዛሬ የምችለው ይህችን ብቻ ነው› አልኩትና አንዷን ነቀልኩ። አንድ ብቻ። ቀበርኳት፤ ቢላዋዬን በእሳት አሳየሁት፤ ገብቼ ተኛሁ። በማግስቱ ደግሞ አንድ። አሁን እዚያ ቦታ ጎመን ነው ያለው። እንሰት ገና አትትከይበት፣ መሬቱ ይረፍ ብለውኛል። እጠብቃለሁ። ፍርሃቱም አለ፤ አልሄደም። እሱም ይጠብቃል።» ከዚያ ድምጿን ለወጥ አድርጋ፣ «በል አሁን ተነሥና ብላ። የእውነት ብላ» ብላ ዘጋችው።

ደብተሩን ከአልጋዬ ሥር አወጣሁት። የፈለግኩት ያን ዕለት የጻፍኩትን ለማየት ብቻ ነበር። አገኘሁት። «የመምህሩ ተግባር፦ ስለ መታመን ማስረዳት። የተማሪው ተግባር፦ እናቴ ስለ እንሰቱ መጨነቅ ታቆማለች። ምዘና፦ ተከናውኗል።» ገለጥኩ። «የተማሪው ተግባር፦ አከራዬ ትዕግሥትን ይማራሉ።» ገለጥኩ። «የጥናት ቡድኑ ይቅር ማለትን ይለማመዳል።» «ተጠሪው ቁጣውን ይተዋል።» ከመጀመሪያው ገጽ ጀምሬ በጣቴ እየተከተልኩ ሦስተኛውን ዓምድ ወደ ታች አነበብኩት። እናቴ፣ ባልደረቦቼ፣ ጎረቤቶቼ፣ ተማሪዎቼ፣ የሰፈሩ ባለባጃጆች ሳይቀሩ ተጽፈዋል። እኔ የለሁም። በሁለት ዓመት ውስጥ አንድም ቀን ተማሪ ሆኜ አልተጻፍኩም። ሁልጊዜ ያለሁት በሁለተኛው ዓምድ ነው፤ ጠመኔ ይዤ እንደቆምኩ። እኔ ራሴ ስም በምጠራበት መዝገብ እንዲህ የቀረ ተማሪ ቢኖር ከክፍሉ ይሰረዝ ነበር።

አልቅሻለሁ። ማልቀስም ድምፅ ስላለው አፌን በፎጣ ይዤ አለቀስኩ።

ሰኞ ጠዋት አነበብኩ። ክፍሉ በሙሉ ልብ ስለ መታመንና በራስ ማስተዋል ስላለመደገፍ የሚናገር ነበር። ሁለተኛውን ዓምድ ባዶ ተውኩት። ሦስተኛው ውስጥ «እኔ» ብዬ ጻፍኩና ብዙ ቆየሁ። ትልቅ ነገር መጻፍ ቀላል ነው፤ «በእግዚአብሔር እታመናለሁ» ብሎ ማለፍ ይቻላል። ግን ተማሪዎቼን ሁልጊዜ የምላቸው አንድ ነገር አለ፤ ተግባር ማለት የሚታይ፣ የሚለካ፣ ዛሬ የሚፈጸም ነው። የእናቴ አንድ እግር እንሰት ትዝ አለችኝ። የእኔስ የምትነቀል የቷ ናት? ወዲያው አወቅኳት፤ አውቄም በሌላ መተካት አማረኝ። «እኔ፦ ማስታወሻዎቼን ዛሬ ለመምህርቷ እሰጣለሁ።»

ማረፊያው ውስጥ ብቻዋን አገኘኋትና ክምሩን ፊቷ አስቀመጥኩት። ሁለት ዓመት ያዘጋጀሁት ሁሉ ነው፤ ዕቅዱ፣ መልመጃው፣ ተማሪዎች የት ላይ እንደሚሳሳቱ የጻፍኩት ማስታወሻ። አንዱን ከፈተች፣ ሌላውን ከፈተች።

«ቤት የረሳኸው ይሄ ነው?» አለችኝ። «ቤትህ ሞያሌ ነው እንዴ፣ አንድ ወር ሙሉ የሚያስኬደው?»

ራሴን ደፋሁ።

ከዚያ ድምጿ ተለወጠ። «የድሮው ቲቸር እንዲህ አይደለም የሚያስረዳው እያሉ ያሾፉብኛል። ዓርብ ዕለት መጸዳጃ ቤት ገብቼ አልቅሻለሁ። እኔም እኮ የመጀመሪያ ዓመቴ ነው።»

ስለ እሷም ምንም ጠይቄ አላውቅም ነበር።

ከዚያ በኋላ ሰላም ወረደልኝ ብዬ ልዋሻችሁ አልፈልግም። በሳምንቱ በመስኮቱ አጠገብ ሳልፍ የእኔን ምሳሌ እያስተማረች፣ ተማሪዎቼ ከእሷ ጋር እየሳቁ ሰማሁ። በገዛ እጄ የሰጠሁትን መልሼ መንጠቅ አማረኝ። በየጠዋቱ ግን ሦስተኛውን ዓምድ ሞላሁ። አንድ ቀን «እኔ፦ ሳልሸሽ መዝገብ ቤቱ ገብቼ አሥር ደቂቃ እቀመጣለሁ» ብዬ ጻፍኩ፤ ገብቼ ተቀመጥኩ። አንድ ቀን «እኔ፦ መውረጃዬን ወረቀት ላይ ጽፌ ለረዳቱ አሳያለሁ፤ አላፍርም» አልኩ፤ አሳየሁት፤ አፈርኩም። ተናገር ላለኝ ለዚያ ወንድም «አልተቀየምኩህም» ብዬ ልጽፍለት ያቀድኩት ሦስት ቀን ተከታትሎ ከሸፈ። ምዘናው ላይ «አልተከናወነም» የሚለውን ቃል በሁለት ዓመት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ መጻፍ ጀመርኩ። አሁን ሳየው ከ«ተከናውኗል» ይልቅ እሱ ይበዛል።

ጥር አጋማሽ ላይ ሐኪሙ ረጅም ጊዜ ወስዶ አየኝ። «ቀንሷል» አለኝ። «አልጠፋም። በቀን አሥር ደቂቃ መናገር ትችላለህ፣ በቀስታ። ሌላውን ከፋሲካ በኋላ እናያለን። ቀዶ ሕክምናውንም አልተውነውም።» በአሥር ደቂቃ ሒሳብ አይስተማርም። ርዕሰ መምህሩ ወደ መሬት እያየ የመዝገብ ቤቱን ቁልፍ ሰጠኝ።

ያን ዕለት ከሰዓት አሥሩን ደቂቃ ይዤ ወደ እናቴ ደወልኩ። በአገራችን ቋንቋ እናት «አዶት» ናት። «አዶት» አልኩ።

«ማነው?» አለች ደንግጣ። ድምፄ ወፍሮ፣ ተሰነጣጥቆ ነበር የወጣው።

«እኔ ነኝ።»

ልናገረው ያዘጋጀሁት ብዙ ነገር ነበር፤ ይቅርታው፣ ደብተሩ፣ የገባኝ ሁሉ፤ ልማዴ ሆኖ በሦስት ነጥብም ከፍዬው ነበር። ግን ያን ጠዋት ሦስተኛው ዓምድ ውስጥ «እኔ፦ አንድ ጥያቄ ብቻ እጠይቃለሁ» ብዬ ጽፌ ነበር።

«እንሰቱ የታመመ ጊዜ» አልኳት፣ «በጣም ፈርተሽ ነበር?»

መናገር ጀመረች። ስለ መጀመሪያው ቢጫ ቅጠል፣ ለማን እንደነገረችና ማን እንዳልሰማት፣ ጎመኑ እስኪበቅል ምን እንደበላች። የቀረኝን ደቂቃ ሁሉ ሰማኋት፤ ካለቀ በኋላም ሰማኋት። አልፎ አልፎ ብቻ፣ እንዳለሁ እንድታውቅ፣ በእስክሪብቶዬ አንድ ጊዜ አንኳኳለሁ።

ይህን የምጽፈው መዝገብ ቤት ውስጥ ሆኜ ነው። ከማኅደሮቹ መሃል አንዲት ጠባብ መስኮት አለች፤ በእሷ በኩል የድሮ ክፍሌ በር ይታየኛል። እመለስ እንደሆነ አላውቅም። ጠዋት ጠዋት ከአልጋዬ ስነሣ መጀመሪያ የማደርገው ጉሮሮዬን በእጄ መዳበስ ነው፤ ፍርሃቱ እንደ እናቴ ፍርሃት እዚያው አለ። መታመን ፍርሃቱ ሲጠፋ የሚመጣ ይመስለኝ ነበር፤ እንዲያ ብዬም ለብዙ ሰው አስተምሬያለሁ። አሁን የማውቀው ያነሰ ነው፦ ፈርቼ እያለሁ፣ የዛሬዋን አንዲት ነገር አድርጌ፣ የቀረውን ለእሱ መተው።

ስለዚህ አንድ ነገር ልለምናችሁ። ነገ ጠዋት ቃሉን ስታነቡ ወረቀት አቅርቡ፤ ያነበባችሁት ለማን እንደሚሆን አታስቡ፤ የራሳችሁን ስም ጻፉበት። ከስማችሁ ቀጥሎ ከመምሸቱ በፊት ልትፈጽሙት የምትችሉትን አንዲት ነገር ጻፉ፤ በተለይ ስትጽፏት በሌላ መተካት የሚያምራችሁን። ለማንም አትንገሩ፤ ለማንም አትላኩ። ማታ ካልሆነላችሁ «አልተከናወነም» ብላችሁ በሐቅ ጻፉና በማግስቱ እንደገና ጀምሩ። አንድ ሳምንት ብቻ ሞክሩት። በዚያ ሳምንት ውስጥ ደግሞ የፈራ ሰው ቢደውልላችሁ፣ እባካችሁ፣ ከማስረዳታችሁ በፊት ጠይቁት።